አንተም ትንሽ፣ እሷም ትንሽ

እጄን ማጨብጨብ ለመተው ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። የካዚኖ ዲለር፣ ካርታ የሚያድለው ሠራተኛ፣ ከጠረጴዛው በተነሳ ቁጥር እጁን አንዴ አጨብጭቦ መዳፉን ገልበጥ ገልበጥ ያደርግና ለጣሪያው ካሜራ ያሳያል፤ «ባዶ ነው፣ የወሰድኩት የለም» ማለት ነው። ይሄንን አሥራ አንድ ዓመት ሳደርግ ኖሬ እጄ ከእኔ ትእዛዝ ወጣ። ግሮሰሪ ከፍዬ ስወጣ ያጨበጭባል። የሰው ሕፃን ታቅፌ ለእናቱ ስመልስ ያጨበጭባል። ዕቃ አጥቤ ስጨርስ ባለቤቴ ታየኝና «ከገዛ ቤትህ ማንኪያ ትሰርቃለህ ብሎ ማን ጠረጠረህ?» ትለኝ ነበር።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ በኮሮና ምክንያት ካዚኖዎቹ ሁሉ ሲዘጉ የማጨበጭብበት ቦታ አጣሁ። ቀንና ሌሊት የማይለየው ስትሪፕ፣ የላስ ቬጋስ የካዚኖ ጎዳና፣ ጭር አለ። ተዘግተው ስለማያውቁ አንዳንዶቹ ለበራቸው ቁልፍ እንኳ የላቸውም ይባል ነበር። ባለቤቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለምትሠራ እሷ ኦቨርታይም በኦቨርታይም ሆነች፤ እኔ ሶፋ ላይ ቀረሁ። ያንን ዓመት ናፈቀኝ ስል አፍራለሁ። ሰው እየሞተ፣ ሰው እየተጨነቀ፣ እንዴት ይናፈቃል? ግን ይናፍቀኛል፤ ምን ላድርግ።

የሚናፍቀኝ በሁለት ሽማግሌዎች ምክንያት ነው። አንደኛው ጋሼ ናቸው። ጋሼ ብዬ ልጥራቸው እንጂ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ዲቪ ደርሶኝ እዚህ ከተማ ስገባ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥተው የተቀበሉኝ፣ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኙልኝ፣ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። በዚህ ከተማ የተጣላ ሐበሻ ካለ ጋሼ ሳይሰሙ አያድሩም። እኔንና ባለቤቴንም ያስታረቁት እሳቸው ናቸው። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ሦስት ወር ተለያይተን ነበር። ሶፋቸው ላይ አራርቀው አስቀመጡንና ሁለታችንንም እስከ መጨረሻው ሰሙን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተም ትንሽ አጥፍተሃል» አሉ፤ ወደ እሷ ዞረው «አንቺም ትንሽ አጥፍተሻል» አሉ። እኔም ትንሽ፣ እሷም ትንሽ ይቅርታ ጠየቅን፤ ተሳሳምን፤ ወደ ቤታችን ሄድን። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ከሞላ ጎደል የእኔ ነበር። ጋሼም አላጡትም። ባለቤቴም አላጣችውም። ዝም አለችልኝ እንጂ።

የጋሼ ሽምግልና እንዲህ ነበር፤ ማንም ባዶ እጁን አይሄድም፣ ማንም አንገቱን ደፍቶ አይወጣም። ያልሰመረላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ታላቅየው በታናሹ ላይ ያወራው የውሸት ወሬ እጮኛውን አሳጣው። ታናሹ ደግሞ ተናዶ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ በሰው ፊት ሰደበው። ጋሼ እነሱንም «አንተም ትንሽ፣ አንተም ትንሽ» ብለው አስታረቋቸው። ታናሹ እንደታዘዘው የታላቁን ጉልበት ሳመ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ወንድሙንም ቤተ ክርስቲያኑንም ዓይናቸውን አላየም። ጋሼ ስለዚህ ነገር ሲነሳ ወሬ ይለውጡ ነበር።

ጋሼ ምርኩዝ ከያዙ ወዲህ መኪና አይነዱም። ማውንተንስ ኤጅ በሚባለው ሰፈር ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት የልጅ ልጃቸው ቤዝቦል ትጫወታለች፤ ከቡድኗ ሴት እሷ ብቻ ናት። በዚያ ዓመት መኸር ላይ ልምምድ ሲፈቀድ፣ ወላጆቿ ሥራ ስለሚውሉ፣ አያትና የልጅ ልጅን ሜዳ ማድረስ ሶፋ ላይ የተቀመጠው ሰው ዕጣ ሆነ። አልተከፋሁም። ጋሼ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው መንገዱን ሁሉ እየባረኩ ይሄዳሉ፤ እሷ ከኋላ ሆና የሱፍ ፍሬ ትቆረጥማለች።

ሁለተኛውን ሽማግሌ ያገኘኋቸው እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ፀሐይ ፊታቸውን ያቀላው ፈረንጅ፣ አጥሩ ጥግ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ኳሱ በአጥሩ ላይ ዘሎ እግሬ ሥር አረፈ። አንስቼ ለልጅቷ መለስኩላት።

«ዲለር ነህ?» አሉኝ ሰውየው።

«እንዴት አወቁ?»

«ኳሱን ሰጥተህ አጨበጨብክ። ሟች ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ዲለር ነበረች። አልጋ አንጥፋ ስትጨርስ ታጨበጭብ ነበር።»

ሳቅን። እሳቸው ግን ቶሎ ሳቃቸውን አቆሙ። አርባ ዓመት የቤዝቦል ዳኛ ሆነው ኖረዋል፤ አሁን ዳኞችን ያሰለጥናሉ። ብዙዎቹ ዳኞች የእሳቸው ዕድሜ ስለሆኑ በሽታውን ፈርተው ቤት ቀርተዋል። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ፣ ትንሽ ነገር እያየ፣ ሲሰደብ አፉን የማይከፍት ሰው እፈልጋለሁ» አሉኝ።

«እሱማ ሥራዬ ነው» አልኩ።

እንዲህ ሆኜ ገባሁበት። ስለ ቤዝቦል የማውቀው ከእግር ኳስ ይልቅ ቀስ የሚል መሆኑን ብቻ ነበር። መምህሬ በምሥራቅ ላስ ቬጋስ፣ ቤታቸው አጠገብ ባለ ባዶ ሜዳ፣ መሬት ላይ የተቀመጠውን ፕሌት የሚባል ነጭ ሰሌዳ በእግራቸው ጫፍ እያሳዩ ጀመሩልኝ። ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል። መቺው ዱላውን ይዞ ፕሌቱ አጠገብ ይጠብቃል። ከኋላው ያዡ ቁጢጥ ብሏል፤ ከያዡም ኋላ ዳኛው። ኳሱ በፕሌቱ አናት ላይ፣ ከመቺው ጉልበት በላይ ከደረቱ በታች ካለፈ ስትራይክ ነው፤ ከዚያ ከወጣ ቦል። ሦስት ስትራይክ የተቆጠረበት መቺ ይወጣል፤ አራት ቦል ያገኘ በነፃ ወደ አንደኛው ማረፊያ ይሄዳል። ሦስቱን ማረፊያዎች ዞሮ ፕሌቱ ላይ የተመለሰ ነጥብ ያገኛል። «ይሄ ሳጥን በዓይን አይታይም» አሉኝ። «ያለኸው አንተ ብቻ ነህ። አንተ አለ ካልክ አለ።»

ሥልጠናው ከጠበቅኩት በላይ አቋቋም ነበር። ኳሱ ሳይወረወር ቦታህን ያዝ። እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርግ። ጭንቅላትህን አትነቅንቅ፤ ዓይንህ ብቻ ይሂድ። ኳሱ ጓንቱ ውስጥ ከገባ በኋላ አንድ ትንፋሽ ቆይ፣ ከዚያ ተናገር። የቸኮለ ዳኛ የጠበቀውን ይናገራል፤ የቆየ ዳኛ ያየውን ይናገራል። ፕሌቱን በትንሿ ብሩሽ ስትጠርግ ፊትህን ወደ ሰው አድርግ፣ መቀመጫህን ለተመልካች አትስጥ። ይሄኛውን እንኳ እናቴ ቀድማ አስተምራኛለች። አንዴ የፈረድከውን መልሰህ አትሰብስበው፤ ዱካ እየቆጠርክ ብትመለስ ጨዋታው አያልቅም። ይሄኛው ደግሞ የእኛው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ነው፤ ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ ወደዱት፤ ለሌሎች ሰልጣኞች የራሳቸው አስመስለው ሲያወሩት ሰምቻለሁ።

የተቸገርኩት በአጠራራቸው ነበር። በእንግሊዝኛ እርስዎ የሚባል ነገር የለም። በስሜ ጥራኝ አሉኝ፤ ምላሴ እምቢ አለ። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው እንዴት በስም ይጠራል? «ሰር» እያልኩ ገፋሁ፤ ሆዴ ውስጥ ግን ሁልጊዜ እርስዎ ነበሩ።

ሌላው ችግር ድምፄ ነበር። ዲለር አይጮህም። መምህሬ ሜዳው ዳር ድረስ ሄደው ጆሯቸው ላይ እጃቸውን ያደርጉና «አልሰማሁህም!» ይላሉ። ቤት ውስጥ ተለማመድ አሉኝ። የልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ካፖርቶቹ መሃል ሆኜ «ስትራይክ!» ስል ባለቤቴ ከሺፍት መጥታ ተኝታ ነበር። በሩን ከፈተችው።

«አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ኖረን፣ ድምፅ እንዳለህ ገና ዛሬ አወቅሁ» አለች። «ለእኔ ሲሆን ነው እንዴ የምትውጠው?»

ያሾፈች መስሎኝ ነበር። ወደ አልጋዋ ስትመለስ ፊቷን ሳየው ግን ማሾፍ ብቻ አልነበረም።

የመጀመሪያውን የልምምድ ጨዋታ የዳኘሁት ብርድ ሲገባ ነው። መምህሬ ፕሌቱን ያዙ፤ እኔን ማረፊያዎቹ አጠገብ አቆሙኝ። ሁለት ተጫዋቾች ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ተጋጩ፤ አንዱ «ሴፍ!» አለ፣ ደርሻለሁ ማለቱ ነው፤ ሌላው «አውት!» አለ፣ ወጥተሃል ማለቱ ነው፤ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ሁለት እጄን ከፍ አድርጌ ለሰማዩ አሳየሁ፣ «ፍሎር!» ብዬ ተጣራሁ። ካዚኖ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ጭቅጭቅ ከተነሳ ዲለር ምንም ነገር አይነካም፤ ፍሎር የሚባለውን አለቃ ይጠራል፣ አለቃው ካሜራውን ቼክ ያስደርጋል፣ እሱ ይወስናል። አሥራ አንድ ዓመት በአንድም ነገር ላይ ወስኜ አላውቅም። ሜዳው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መምህሬ የብረት ጭምብላቸውን አውልቀው፣ ከሥሩ ያደረጉትን የጨርቁንም አውልቀው፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ አጠገቤ መጥተው ቀስ ብለው «ልጄ፣ እዚህ ፍሎር የለም። ካሜራም የለም። ፍሎሩ አንተ ነህ» አሉኝ። ብርድ ብርድ አለኝ። ደስም አለኝ።

ይሄኛው ስህተት ያስቃል። ሁለተኛው አላሳቀም። በዚያው የብርድ ወራት፣ በሌላ የልምምድ ጨዋታ፣ ፕሌቱን ለሙከራ ሰጡኝ። በግልጽ ከሳጥኑ የወጣች ኳስ ሦስተኛ ስትራይክ አልኩ። እንደተናገርኩ መሳሳቴን አወቅኩ፤ መቺው አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ አንጀቴን በላው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዙር ለእሱ ቡድን አንዲት ኳስ መለስኩለት። ስትራይክ የነበረችውን ቦል አልኩ። ሚዛኑ ገባ፤ ቀለለኝ። ጋሼ ቢያዩኝ ይኮሩብኝ ነበር አልኩ።

ጨዋታው ሲያልቅ መምህሬ የመኪናቸውን ኋላ ከፍተው ተቀመጡና ጫማቸውን እየፈቱ «ያቺ በቀጣዩ ዙር የሰጠሃት ምንድን ናት?» አሉ።

ስለ ሽምግልና አስረዳኋቸው። በእኛ አገር ዳኛ ሰውን አሸንፎና ተሸንፎ አይልክም፤ ለዚህም ትንሽ ለዚያም ትንሽ ሰጥቶ በሰላም ይሸኛል አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«መልካም ነው» አሉ። «ግን ዛሬ ሁለት ጊዜ አጥፍተሃል። የመጀመሪያውን ዓይንህ ነው ያጠፋው፤ ዓይን ይስታል፣ እኔም ስቼ አውቃለሁ። ሁለተኛውን ግን እያየህ አደረግከው። ያ ወርዋሪ ምን በድሎህ ነው ያንን ኳስ የወሰድክበት?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

«ፕሌቱን የምሰጥህ» አሉ ጫማቸውን እያራገፉ፣ «የማትሳሳትበት ቀን ሲመጣ አይደለም፤ እንደዚያ ያለ ቀን አይመጣም። ተሳስተህ፣ መሳሳትህን እያወቅክ፣ ስህተትህን ባለበት የተውክ ቀን ነው።»

ቀላል መስሎኝ ነበር።

በፀደይ፣ በሁለት ሺህ ሃያ አንድ፣ እውነተኛ ጨዋታዎች ተጀመሩ። ማረፊያዎቹ አጠገብ ቆሜ ስድስት ሰባት ጨዋታ ዳኘሁ። አንድ ዓርብ መምህሬ ደወሉልኝ። በነጋታው አሊያንቴ የሚባል ሜዳ ላይ ፕሌቱን ሊይዝ የነበረው ዳኛ ከታመመ ሰው ጋር ተነካክቶ ቤቱ ሊቆይ ነው። «አንተ ትይዛለህ። እኔ አጥሩ ጋ ሆኜ አይሃለሁ። ይሄ ፈተናህ ነው» አሉኝ። የቡድኖቹን ስም ነገሩኝ። አንደኛው የጋሼ የልጅ ልጅ ቡድን ነበር።

«ዘመድ አለህ እዚያ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ደንቡ ነው።

«የለኝም» አልኩ።

በአሜሪካ ሂሳብ አልዋሸሁም። ደም አይገናኘንም። በእኛ ሂሳብ ግን እንደተወለደች ካቀፏት ሰዎች አንዱ ነኝ፤ አጎቴ ነው የምትለኝ። ፈተናውን ስለፈለግኩት የሚጠቅመኝን ሂሳብ መረጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐዩ ገና አልከረረም ነበር። አዲስ ውሃ የተረጨበት አፈር ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ጋሼ በነጭ ባርኔጣቸው አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ መምህሬ ደግሞ በማዶ ጥግ። ጭምብሌ ውስጥ ሆኜ የሁለቱም ዓይን ጀርባዬ ላይ ይሰማኝ ነበር። ያም ሆኖ ጥሩ ዳኘሁ። ድምፄ ከመኪና ማቆሚያው ተሻገረ።

ከማለቁ አንድ ዙር ሲቀረው የልጅቷ ቡድን በአንድ ነጥብ ይበለጥ ነበር። እሷ ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ደርሳለች፤ ሮጣ ፕሌቱ ላይ ከገባች አቻ ይሆናሉ። መቺው መታ። ኳሱ አጭር ሆነ፤ ግን እሷ ተነሳች። እግሯ ቀድሞ ፕሌቱን ከነካ ሴፍ ናት፤ ያዡ ኳሱን እንደያዘ ቀድሞ ከነካት አውት ናት። ቦታዬን ያዝኩ። እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። በዚያች ቅጽበት፣ በዓይኔ ጠርዝ፣ ነጭ ባርኔጣ ከፍ ሲል አየሁ። ጋሼ ብድግ አሉ። ዓመት ሙሉ ያለ ሰው እጅ ተነስተው የማያውቁት ጋሼ፣ ምርኩዛቸውን ጥለው፣ ብቻቸውን ቆሙ። እኔም አየኋቸው። አንድ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ዓይኔን ስመልስ አቧራ ነበር፤ እግርና ጓንት አንድ ላይ ነበሩ።

«አውት!» አልኩ።

የልጅቷ አሰልጣኝ እየሮጠ መጣ፣ ጮኸ፣ ሄደ። ልጅቷ ከመሬት ተነስታ ሱሪዋን አራገፈች፤ በአጠገቤ ስታልፍ «አጎቴ፣ እኔ ሴፍ ነበር» አለችኝ። አልተቆጣችም። እንደ መረጃ ነው የነገረችኝ።

ብሩሼን አውጥቼ፣ ፊቴን ወደ ሰው አዙሬ፣ ፕሌቱን ልጠርግ ጎንበስ አልኩ። የጫማዋ ጥርስ ነጩ ላይ ታትሟል። የያዡ ጓንት የሄደበት መስመር ደግሞ በዱካዋ ላይ አልፎ ቆርጦታል። ዱካው ከሥር ነበር፤ ቀድሞ የደረሰው እግሯ ነው። ልክ ነበረች። ትንሽ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ከዚያ ጠረግኩት። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ሥራዬ መጥረግ ነው።

የመጨረሻው ዙር መጣ። ሦስቱም ማረፊያዎች ላይ የእሷ ቡድን ልጆች ቆመዋል። መቺው ሦስት ቦል አለው፣ ሁለት ስትራይክም አለበት፤ የቀረችው አንዲት ኳስ ናት። ቦል ከሆነች ሁሉም አንድ አንድ ማረፊያ ይራመዳሉ፣ አቻ ይሆናሉ። ስትራይክ ከሆነች ጨዋታው አበቃ። ኳሷ መጣች፤ ዝቅ ብላ፣ ጉልበት ላይ፣ በጠርዟ ገባች። እንዲህ ያለችውን ኳስ ቦል ብል ማንም አይከሰኝም። ልጅቷ የተወሰደባትን ታገኛለች፤ ጋሼ ፈገግ ይላሉ፤ እሁድ ሰላም ተባብለን እንውላለን። አንድ ትንፋሽ ቆየሁ። እንደዚያች ትንፋሽ የረዘመ ነገር በሕይወቴ አላውቅም።

«ስትራይክ!»

ድምፄን ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ።

ጋሼ በልጃቸው ተደግፈው በአጠገቤ አለፉ። «ጋሼ» አልኩ። «ደህና ዋል» አሉኝ፤ ሄዱ። ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይደለም። ጋሼ ግን «ጌታ ይባርክህ» ሳይሉ ከማንም ተለይተው አያውቁም።

መምህሬ የመኪናቸው ኋላ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። «ልጅቷ?» አሉ።

«ሴፍ ነበረች።»

«ነበረች» አሉ። «የመጨረሻዋስ?»

«ስትራይክ።»

«ስትራይክ ናት» አሉና ኳስ የሚቆጥሩበትን ትንሽ መሣሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አደረጉት። «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ፕሌቱ የአንተ ነው።» ስምንት ወር የጠበቅኩት ቃል ነበር። ደስታው ግን አልመጣ አለኝ። ዘመድ የለኝም ያልኳቸውንም ያኔውኑ ነገርኳቸው። ተነስተው የመኪናቸውን ኋላ ዘጉና «ደግመህ እንዲህ አታድርግ» አሉኝ። አላደረግኩም። ያን ጊዜ ወደ ቤቴ እየነዳሁ ነው እጄ ማጨብጨቡን መተዉን ልብ ያልኩት።

ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋት ደውለው «አልተነሳህም?» ይሉኝ ነበር። ያንን ሳምንት አልደወሉም። የሚቀጥለውንም አልደወሉም። በዙም ጸሎት ላይ ሁሌ ድምፃቸውን መዝጋት ረስተው ሳላቸው ይሰማ ነበር፤ አሁን ሳላቸውም ጠፋ። ቤቱ ጠበበኝ። አባቴ ዳግመኛ የሞተብኝ ያህል ሆነብኝ። ባለቤቴ «እስከ መቼ ትቆዝማለህ? ሄደህ ንገራቸው» አለችኝ። አንድ ካርቶን ብርቱካን ገዝተን አብረን ሄድን።

ልጃቸው ጋራዡን ከፍታ፣ በበሽታው ምክንያት ወንበሮቹን አራርቃ አስቀመጠችን። ጋሼ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ለምኑ?»

«ልጅቷ ሴፍ ነበረች። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«እያወቅክ ነው?»

«ስናገር አላወቅኩም። ስጠርግ ነው ያወቅኩት።»

«እንዴት ሳታያት ቀረህ? ዓይንህ ሥር አይደል?»

«እርስዎን እያየሁ ነበር» አልኩ። «ብድግ ሲሉ አየሁዎት። ምርኩዝዎን ጥለው ሲቆሙ ዓይኔ ወደ እርስዎ ሄደ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ቆይተው «እሺ፣ ካወቅክ በኋላስ?» አሉ። «ያችን የመጨረሻዋን ለእኛ ብትላት ምን ነበረበት? እነሱም ትንሽ፣ እኛም ትንሽ ይሆን ነበር።»

ባለቤቴ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እሺ በላቸው ማለቷ ይሁን አትበላቸው ማለቷ አላወቅኩም።

«የእናንተ አልነበረችም፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ጎረቤት ሣር የሚያጠጣው ውሃ ሲንቆረቆር ይሰማል። ተቀይመውኛል፣ በቃ አለቀ አልኩ። ጋሼ ግን ወደ እኔ አልነበረም የሚያዩት፤ ወደ ባለቤቴ ነበር።

«አንቺን በድዬሻለሁ» አሏት። «ያን ጊዜ ጥፋቱ የእሱ ነበር። አካፍዬ ሰጠሁሽ።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች። «ደግ አድርገዋል። ቤቴ ቆመ።»

«የእናንተ ቆመ። የእነዚያ ልጆች ግን ፈረሰ» አሉ። ስለ ወንድማማቾቹ መሆኑ ገባን። በስንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው አነሱት። «እውነቱ የታናሹ ነበር። አውቅ ነበር። ታላቁ እንዳያፍር ብዬ ለታናሹም ጥፋት ፈለግኩለት። የፊታችን ቅዳሜ ሁለቱንም ለምኜ አስቀምጣቸዋለሁ። አንተ ትነዳልኛለህ።»

«እነዳለሁ።»

«ነድተህ መኪና ውስጥ አትቀመጥም። አብረኸኝ ትገባለህ፤ ሽማግሌ ሆነህ።»

እኔን? በሽምግልና የሚቀመጥ ሰው ከእኔ ሃያ ዓመት ይበልጣል። «ምን እላለሁ ጋሼ?» አልኩ።

«ምንም አትበል። ወደ ማካፈሉ ስሄድ ብቻ እየኝ።»

ዛሬ ሁለቱም አጠገቤ የሉም። መምህሬ ወደ ልጃቸው፣ በረዶ ወዳለበት አገር ሄዱ፤ ጋሼ ወደ ጌታ ሄዱ። ካዚኖው መልሶ ጠርቶኛል፤ ፍሎሩም ካሜራውም በላዬ ናቸው። ቅዳሜ ግን አሁንም ፕሌቱ ጋ እቆማለሁ፤ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ጋሼን ይዤ የሄድኩባት ያችኛዋ ቅዳሜ ትመጣብኛለች።

ታናሹ ወንድም ምሥራቅ ላስ ቬጋስ፣ አሮጌ አፓርትመንት ውስጥ ይኖር ነበር። ታላቁ በር አጠገብ ተቀመጠ፤ ታናሹ መስኮቱ ጋ። ጋሼ ጸለዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው፣ በዚያ ሁላችንንም ባስታረቀ ለስላሳ ድምፃቸው «እንግዲህ ልጆቼ፣ ሰው ነንና፣ አንተም ትንሽ...» ብለው ጀመሩ።

አየኋቸው።

ጋሼ አንድ ትንፋሽ ቆዩ። ወደ ታላቁ ዞሩ። «ጥፋቱ የአንተ ነው» አሉት። «ሁሉም። እኔም ያን ጊዜ አውቅ ነበር።»

ታናሹ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ማንም አልተነሳም። እኔም እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ጭንቅላቴን ሳልነቀንቅ፣ ቁጭ እንዳልኩ ነበርኩ።